የዓሦቹ ጓዳ

ወንድሜን የዓሣ ዘር አጥፊ ነው ብለውታል። ይህን የሰማሁት ከውጫሌ ወደ ሐይቅ ከተማ ስመጣ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከማላውቃት ሴት ነው። ከጎኔ ተቀምጣ ስለ ሐይቁ ለባሏ ታወራለች። እንግዶች እንደገና መምጣት ጀምረዋል፣ ዓሣው ግን አልቋል፣ ያስጨረሰውም አንድ ሽማግሌ ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ መራቢያውን ከፍቶ አስፈጀው አለችው። ስሙን አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም፤ ያን ቦታ ሊከፍት የሚችል ሽማግሌ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የእናቴ ልጅ ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ሰው የምሰድብ ሴት አይደለሁም። ግን ያን ቀን አፌን ሞልቶ የመጣውን ነገር እስከ ዛሬ አልዋጥሁትም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጬ በቆጠርኋት ፊደል እየጎተትሁ እጽፈዋለሁ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤት የለኝም ማለት ይቻላል። አለኝ፣ ግን አልቀመጥበትም። አንዷ ልጄ አምባሰል ላይ ናት፣ አንዷ ደሴ ናት፣ ከአንዷ ወደ አንዷ እላለሁ። ለቅሶ ካለ እሄዳለሁ፣ ዱአ ካለ እሄዳለሁ፣ ልጅ ከተወለደ እሄዳለሁ። ልጆቼ «እማ፣ አንድ ቦታ ተቀመጪ እንጂ፣ የት ብለን እንፈልግሽ» ይሉኛል። ፈልገው ሲያጡኝ ወንድሜ ጋ ይደውላሉ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነኝ። ቤቱ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ውሃው አፋፍ ላይ ነው። በጓሮው ሽንኩርትና ቃሪያ አለ፣ ከሽንኩርቱ ቀጥሎ ደንገል፣ ከደንገሉ ቀጥሎ ውሃ።

ያ ደንገል ነው ነገሩ ሁሉ። ውሃው እዚያ ላይ ወደ መሬት ገባ ይልና ጠበብ ያለ ጥግ ይሠራል። ጥልቅ አይደለም፤ ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ ደንገሉ ነፋሱን ይከላከልለታል። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ለመውለድ እዚያ ይገባል። ቆሮሶ እንቁላሉን በትኖ አይሄድም። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍል፤ ከተፈለፈሉም በኋላ አንድ ነገር ያስደነገጣቸው እንደ ሆነ ልጆቿ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ወንድሜ ይህን ያሳየኝ ጊዜ ሁለታችንም ገና ጉልበት ነበረን። ጎንበስ ብለን ጥላችን ሲያርፍባቸው፣ እንደ ጤፍ የደቀቁት ልጆች ጥርግ ብለው እናታቸው አፍ ገቡ። ሱብሃነላህ አልሁ። ከዚያ ወዲያ ያን ጥግ ጓዳው አልነው። የሰው ጓዳ እንግዳ አይገባበትም።

ጓዳውን የዘጋው ወንድሜ ብቻውን አይደለም። የሰፈሩ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ተሰብስቦ ዱአ ተደርጎ ነው የተዘጋ። በእኛ አገር ነገር የሚጸና እንደዚያ ነው። ሽማግሎች ይቀመጣሉ፣ ነገሩ ይነገራል፣ ያከበረው ይመረቃል፣ ያፈረሰው ይረገማል፣ ሁሉም አሚን ይላል። አሚን ያለ ሰው እዚያ መረብ አይጥልም፣ መንጠቆም አይጥልም። አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው። ልጆች እንኳ ሌላ ጋ ሄደው ነው የሚዋኙ። አጥማጆቹ ከጓዳው አፍ ውጭ ይጠብቃሉ፤ አድጎ የወጣው የእነሱ ነው። ወንድሜ ጎረቤቱ ስለ ሆነ ሰው አደራ ብሎታል፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

ከዚያ ለውጥ መጣ ተባለ። እውነትም የመጣ ይመስል ነበር። የታሰረ ተፈታ፣ ሬዲዮው ስለ ፍቅር አወራ፣ መንገዱ ደህና ሆነ፣ እንግዳ በዛ። ቅዳሜና እሑድ ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ፣ ሰዎች በመኪና እየመጡ ዘንግ ይዘው ሐይቁ ዳር ይደረደራሉ። ለመብላት አይደለም፣ ለመዝናናት ነው። እኔ መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። አንዱ ያወጣል፣ ዓሣውን ከፍ አድርጎ ፎቶ ይነሣል፣ ወዲያ ይወረውረዋል። ዓሣው አሸዋ ላይ ሲንፈራገጥ ሰውየው ሌላ ትል እየሰካ ነው። ሲመሽ ይሄዳሉ። ዓይን የማያየው የናይለን ክር ደንገሉ ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል፤ ጠርሙሱ፣ ክሩን ለማስጠም የሚያስሩት እርሳስ፣ የተበጠሰ መንጠቆ፣ ሁሉም እዚያው ነው። አንድ ጠዋት አንዲት ይብራ፣ የሐይቁ ዳክዬ፣ በዚያ ክር ተተብትባ አገኘናት። ክንፏ ከእግሯ ጋር ታስሯል። ወንድሜ ክሩን ሲቆርጥላት ነከሰችው፤ ጣቱን እያየ «አይዞሽ፣ እኔ አይደለሁም ያሰርሁሽ» ይላታል። ተፈትታም መብረር አልቻለችም። ሽንኩርቱ መሐል ስትጎተት ሰነበተችና ሞተች።

ከእነዚህ እንግዶች አንዱ መንገድ ሥራ ላይ ያለ ኢንጅነር ነበር፣ የደሴ ልጅ። እኛም ስሙን ትተን ኢንጅነሩ ነበር የምንለው። ራሱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ሰው ነበር። የራሱን ቆሻሻ ይዞ ይሄዳል፣ የሌላውንም ያነሣል። የይብራዋን ሬሳ ያየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። ወንድሜን «ጋሼ፣ ይሄ የኛ ሥራ ነው፤ እንዲህ ሆኖ አይቀጥልም» አለው። ከዚያ ወዲያ በመጣ ቁጥር የሚያርፈው ወንድሜ ጋ ሆነ።

ያስተማረንም ነገር አለ፣ አልክድም። መንጠቆ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ እሾህ አለችው። ዓሣው ከዋጠ በኋላ እንዳይላቀቅ የምትይዘው እሷ ናት፤ ስትነቀልም ሥጋውን ቦጭቃ ነው የምትወጣ። ኢንጅነሩ በፒንሳ ጭምቅ አድርጎ ይደፈጥጣታል። ወንድሜ ሳቀበት፤

«ጥርሱን አወለቅህበት። እንግዲህ በድዱ ነው የሚይዝልህ?» አለው።

ግን ሞከረው። ክሩን ሳያላላ ከሳበ እንደማያመልጥ አየና የራሱንም መንጠቆ ሁሉ ደፈጠጠ። በእርሳሱ ፋንታ ወገቡ ሰርጎድ ያለ ጠጠር ከዳር ለቅሞ ማሰር ጀመረ። እርሳስ መርዝ መሆኑን፣ ይብራዎቹ ጠጠር እየመሰላቸው እንደሚውጡት የነገረን ኢንጅነሩ ነው። እኛ የት እናውቃለን። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ እርሳስ ሲጥልበት ነው የኖረ፤ የሰማ ዕለት እራቱን ሳይበላ ተኛ። የኔ ድርሻ ክር መልቀም ሆነ። መቼም መሄድ አይሰለቸኝም፤ ዳር ዳሩን እየዞርሁ ደንገሉ ላይ የቀረውን ናይለን እንጨት ላይ እንደ ፈትል እየጠቀለልሁ እመለሳለሁ።

ሁለቱ ባንድ ነገር ግን አልተግባቡም። ኢንጅነሩ የያዘውን ሁሉ ይለቃል። እጁን በውሃ ያርሳል፣ ዓሣውን ቀስ ብሎ ይይዛል፣ መንጠቆውን ያወጣለታል፣ መልሶ ይሰደዋል። የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርግ፣ ዓሣውም ይኖራል፣ ሐይቁም አይራቆትም አለን። ወንድሜ ሲያየው ቆየና፣

«ልትበላው ነበር?» አለው።

«አይ ጋሼ፣ እለቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትለው ጠራኸው?»

ኢንጅነሩ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም። ነፍስ ያለውን ፍጥረት ለጨዋታ ማሰቃየት ግፍ ነው፣ አላህ የፈቀደልን ለሪዝቅ፣ ለዕለት ጉርሳችን ነው አለው። ኢንጅነሩ ክርስቲያን ነው፣ ግን የወሎ ልጅ ነውና ሪዝቅ ማለት አልጠፋውም። ታዲያ ሁሉም ያወጣውን ከበላ ሐይቁ ሊያልቅ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ወንድሜም አንድ ከበላህ ትጠግባለህ፣ የጠገበ ሰው ዘንጉን ያስቀምጣል አለው። ሲከራከሩ ዋሉ። እኔ መሐል ገብቼ፣ ሁለታችሁም ዓሣውን አልጠየቃችሁትም ብላቸው ሳቁ።

መጨረሻ ላይ ሽማግሎቹ ተሰበሰቡና ነገሩ እንደገና በዱአ ተበጀ። እንግዳ ይምጣ፣ ያጥምድ፣ ግን ለሚበላው ያህል ብቻ፤ ሲበቃው ዘንጉን ያስቀምጥና ሐይቁን ይይ። ያልደረሰ ትንሽ ዓሣና አፏን በልጆች የሞላች እናት በእርጥብ እጅ ተመልሰው ይለቀቁ። እሾሁ ያልተደፈጠጠ መንጠቆና እርሳስ እዚያ ዳር አይምጣ። ጓዳው እንደ ተዘጋ ነው። ኢንጅነሩም ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጦ እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። አይቼዋለሁ፤ ከልቡ ነበር።

ያን ቀን ዓሣ ተበላ። እኛ ዘንድ ሥጋ ይለያል፤ የእስላሙ ለእስላሙ፣ የክርስቲያኑ ለክርስቲያኑ ነው፤ ሠርግ እንኳ ሁለት ድስት ነው የሚጣድ። ዓሣ ግን አይታረድም። ማን ባረከው፣ ማን ቢላዋ ያዘ ተብሎ አይጠየቅም። ከአንድ ትሪ በላን። ከዚያ በኋላ የመጡት ጊዜያት ጥሩ ነበሩ። ወንድሜ እንግዶቹን በታንኳው ያዞራል፣ ሕጉን ይነግራል፤ ዘንጉን ያላስቀመጠውን «ሆድህ ስንት ነው አንተ?» እያለ ያሳፍረዋል። ይብራዎቹ በዙ። ዓሣውም ከጓዳው እየወጣ ተረፈ።

ጦርነቱ ከሰሜን በመንገዱ ወርዶ መጣ። እኔ አምባሰል ልጄ ጋ ነበርሁ። ሰው ከቆቦ ከወልድያ እየሸሸ በደጃችን ማለፍ ከጀመረ ሰንብቷል፤ አንድ ቀን እኛም ከሚያልፉት ጋር ሆንን። ልጄ ልጆቿን ይዛ በመኪና ደሴ ገባች። ለእኔ ቦታ አልነበረም፤ አይዟችሁ፣ እግር አለኝ አልኋቸው። ቁልቁል ወርጄ ወንድሜ ቤት ደረስሁ። ወዲያው ከተማዋ ተያዘች፣ መንገዱ ተዘጋ።

ስለ ተኩሱ አልጽፍም፤ እሱን የሚጽፉ አሉ። እኔ የማውቀው ረሃቡን ነው። መብራት ስለ ጠፋ ወፍጮ ቆመ። ገበያ የለም። እህል ያለው ሰው እንኳ ንፍሮ ቀቅሎ ነው የሚበላ፤ የነበረውም ተወሰደ። ወንድሜ ቤት ውስጥ የማናውቃቸው ሰዎች ሞሉ፣ በረንዳው ላይ፣ ሽንኩርቱ መሐል፣ ከደንገሉ ሥር። ሽንኩርቱ ተበላ፣ ቃሪያው ተበላ። ከውሃው ማዶ ካለው ገዳም ደወል ሲሰማ ሴቶቹ ቆመው ያማትባሉ፣ ሌሎቻችን ተቀምጠን እንጠብቃለን።

ዓሣ ነበረ፤ ግን ታንኳ ይዞ መሐል ሐይቅ መውጣት አይቻልም። ክፍት ውሃ ላይ የታየ ሁሉ ሰላይ ነው እየተባለ ይተኮስበታል። ከደንገሉ ተሸፍኖ ውሃ ውስጥ መግባት የሚቻልበት ቦታ ጓዳው ብቻ ነበር። ወንድሜ ይህን ከሁሉም በፊት አውቆታል። ሲያውቀው ፊቱን አይቻለሁ። ቀናት አለፉ፣ አልተናገረም። ልጆች የደንገሉን ሥር እየላጡ ማኘክ ጀመሩ። ያኔ የቀሩትን ሽማግሎች ሰበሰበ።

«በዱአ ዘግተነዋል፣ በዱአ እንክፈተው» አላቸው።

ማንም አልተቃወመም። ጓዳው ሰው እስኪያልፍለት ተከፈተ። ግን በዘንግ ብቻ፣ ለሚበላው ያህል ብቻ፤ ትንሹና እናቲቱ ይመለሱ ተባለ። አሚን አልን። ወንድሜ ልቡ ረጋ። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኛም ሁላችን። አሚን ካልን ነገሩ ያለቀ መሰለን። ዕድሜያችንን ሙሉ ያለቀልን እንደዚያ ነው። ግን ያ አሚን የሰፈሩ ሰው አሚን ነው፤ ከደንገሉ ሥር የተኛው ሰው ሁሉ ከዚያ ዱአ አልተቀመጠም። ማንም ና ብሎ አልጠራውም። ከየት የመጣ እንደ ሆነ፣ ነገ የት እንደሚያድር እሱም አያውቅም።

መጀመሪያ በዘንግ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው የወባ አጎበር ይዞ ገባ። አጎበር ውሃ ያሳልፋል እንጂ ሌላ ምንም አያሳልፍም፤ እንደ ጤፍ የደቀቀውን ሁሉ ጠርጎ ነው የሚያወጣ። ወንድሜ ውሃው ውስጥ እስከ ጭኑ ገብቶ ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣል። አንዷን ሴት አልረሳትም። ከወልድያ ወዲያ የመጣች ናት፤ አንድ ልጅ አዝላለች፣ ሌላው ዳር ቆሞ ያለቅሳል። አጎበሩን ብቻዋን መጎተት አቅቷት ይቀለበስባታል። ውስጡ አንዲት ትልቅ ቆሮሶ አፏን ነፍታ ትገላበጣለች።

ወንድሜ «እህቴ፣ እሷን ልቀቂያት። ልጆች ይዛለች» አላት።

ሴትዮዋ አልጮኸችም። ቀና ብላ አየችውና፣

«እኔም ይዣለሁ» አለችው።

ወንድሜ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የአጎበሩን ሌላውን ጫፍ ያዘላትና አብሯት ጎተተ። ሰው ሁሉ አየው። ከዚያ በኋላ የቀረ ነገር የለም፤ ሁሉም በአጎበር ገባ። ያን ሰሞን ወንድሜ ቤት የነበረ ሰው አንድም በረሃብ አልሞተም። እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ብረት ድስት በላ። እሱ ራሱ ግን አልቀመሰም። እቴ፣ እኔ ይቅርብኝ ይለኛል፤ ንፍሮ ይቆረጥማል።

ጦሩ ሲያልፍ ሰውም አለፈ። መንገዱ ተከፈተ፣ እያንዳንዱ ወደ መጣበት ሄደ። ያቺ ሴት ስትሄድ የወንድሜን ጉልበት ስማ ነው የሄደች። ደንገሉ ለማገዶና ለመኝታ ታጭዶ አልቋል። ጓዳው ራቁቱን ቀረ፣ ጭቃና የተቀደደ አጎበር ብቻ። ወንድሜ አጎበሩን ለቅሞ አቃጠለ። ደንገል ከሌላ ቦታ እየነቀለ መትከል ጀመረ። ጎረቤት ሲያልፍ እያየው ምንም አይለውም፤ ምን ይበለው።

ኢንጅነሩ ተመለሰ። ጦርነቱን አዲስ አበባ ነበር የቆየ፤ አልፈርድበትም፣ መሄጃ ያለው ሁሉ ሄዷል። አሁን ብቻውን አይደለም። ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ሰዎች ማኅበር አቋቁመዋል፣ ከእነሱ ጋር ነው የመጣ። አካባቢን የማይጎዳ የመዝናኛ ዓሣ ማጥመድ የሚባል ሥልጠና አለ ተብሎ የሰፈሩ ሰው ተጠራ። ወንድሜ ጋቢውን ለብሶ በጠዋት ሄደ። ደስ ብሎት ነበር። ጓዳውን እንደገና እንዘጋዋለን፣ ሽማግሎቹ እንዳሉ ናቸው ይላል። እኔም ተከትዬው ሄጄ ከኋላ ተቀመጥሁ።

አንድ ጎልማሳ ቆሞ አስረዳን። መንጠቆው እሾህ የሌለው ይሆናል፤ በእርሳስ ፋንታ ድንጋይ፤ ክር ይለቀማል። የኛኑ ነገር እንደ አዲስ ሲነግረን ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። የተያዘ ዓሣ ሁሉ ይለቀቃል፣ አንድም አይበላም አለ። ዳር ላይ ልጆች ቆመው ያዳምጣሉ፤ ገና ክረምቱን ሙሉ ጎመን ሲበሉ የከረሙ ልጆች ናቸው። ከዚያ መራቢያው ወድሟል፣ በማኅበረሰቡ አንዳንድ ግለሰቦች እጅ ወድሟል አለ። ጓዳው ላይ ታፔላ ይተከላል፤ በመራቢያው ውስጥ ያጠመደ ወይም ያስጠመደ ሰው እንግዳ በታንኳ ማዞር አይችልም። ያስጠመደ ሲል ወደ ወንድሜ ያየ ሰው ብዙ ነው። የበሉትም ሰዎች አዩ። ወንድሜ ተነሥቶ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ መልሶ ተቀመጠ።

ስንበተን ኢንጅነሩ ወደ እኔ መጣ። እጄን ሳመ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀ። እኔም መርቄው፣ ልጄ፣ አሚን ስትል አይቼሃለሁ እኮ አልሁት።

«እማማ፣ ለምን እንደ ከፈተው ይገባኛል» አለኝ። «ግን ማኅበሩ አላየውም። አንዱን ብንተው ሁሉም ነገ ምክንያት ያመጣል።»

«ምክንያት አልኸው?»

ዓይኑ እርጥብ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ክፉን ሰው ረግሞ መንገድን መቀጠል ይቻላል። ያለው ነገርም ሐሰት አይደለም፤ መራቢያው ወድሟል፣ የጎተተውም የወንድሜ እጅ ነው። ግን ሐይቁን ከነዓሣው ጠብቀህ ቆየን ብሎ የሚጠይቀው ሰው እዚያ ዳር ሲራብ አልነበረም። የበሉትም ተመልሰው ሄደዋል፣ ሊመሰክሩለት አይችሉም። የቀረው ባዶው ውሃና ወንድሜ ነው።

ታንኳው ከዚያ ወዲህ ተገልብጦ ይኖራል። እንግዶቹን ሌሎች ያዞሯቸዋል። አንዳንድ ቅዳሜ ከሽንኩርቱ መሐል ሆኜ አያቸዋለሁ። ከመሐል ሐይቅ አንድ ዓሣ ያወጣሉ፣ በእርጥብ እጅ ይይዛሉ፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይለቃሉ፣ ያጨበጭባሉ። ዓሣው በሕይወት ይሄዳል፣ ይህ ደህና ነው። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶ ይኮተኩታል።

ያን የሚኒባስ ቀን ነገር ይዤ ቤቱ ስደርስ ኢንጅነሩን በረንዳው ላይ ከወንድሜ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ስኳር ይዞ መጥቷል። ጎኔን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ከጎናቸው አረፍሁ። ኢንጅነሩ ነገሩን ዞር ዞር ሲያደርገው ቆየና አወጣው። አጥማጆቹ አልፎ አልፎ ትንንሽ ቆሮሶ እያዩ ነው፤ ስለዚህ ዓሣው ሌላ ቦታ መውለድ ጀምሯል ማለት ነው። የት እንደ ሆነ የሚያውቅ ካለ ወንድሜ ነው።

«ቦታውን አሳየን ጋሼ» አለው። «ታፔላ እንተክልበታለን፣ እናጥረዋለን። ጠባቂውም አንተ ትሆናለህ። እኔ ራሴ ለማኅበሩ እናገራለሁ፣ ስምህ ይጠራል።»

ቦታውን አውቀዋለሁ። ወንድሜ በአንድ ጠዋት ወስዶ አሳይቶኛል፤ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን፣ ጥላችን እንዳይነካቸው ፀሐይዋን ፊት ለፊት አድርገን አይተናቸዋል። አሁን አንድ ቃል ቢናገር ያቺ ሴት በሚኒባስ ለባሏ ሌላ ወሬ ታወራለች፣ ታንኳው ይቃናል፣ ሰው ቀና ብሎ ሰላም ይለዋል። ወንድሜ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም። ለልጅ ማባበያ እንኳ አይዋሽም።

ሐይቁን አየ፣ ኢንጅነሩን አየ።

«አላየሁም» አለ።

ኢንጅነሩ እስኪሄድ ጠበቅሁና ለምን አልነገርኸውም፣ እሱ እንኳ ይጠብቃቸው ነበር፣ ስምህም ይመለስልህ ነበር አልሁት። እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ እየፈቀፈቀ ነበር።

«ይጠብቃቸዋል» አለኝ። «ይጠብቅና ታፔላ ይተክልባቸዋል። ታፔላውን አይቶ የራበው ይመጣል፣ ያልራበው ሊያያቸው ይመጣል። ክፉ ቀን እንደገና ሲመጣ ደግሞ እኔው እከፍተዋለሁ፣ እቴ። ራሴን አውቀዋለሁ። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ትመጣለች፣ እከፍትላታለሁ። ከማያውቅ በቀር ማንም አይጠብቃቸውም።»

በማግስቱ ወደ አምባሰል ወጣሁ። በመንገድ ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ በሚኒባስ፣ ከሐይቅ የመጣሁ መሆኔን ያወቀ ሁሉ ስለ ዓሣው ይጠይቀኛል፤ ተመልሷል ወይ፣ የት አካባቢ ይገኛል ይለኛል። አልተመለሰም እላለሁ። ምን አጠፋው ካሉኝ ደግሞ፣ አንድ ሽማግሌ አስፈጀው ይባላል ብዬ እመልሳለሁ፤ የእናቴ ልጅ መሆኑን ሳልናገር።